ንግሥቲቱ በሱቄ፦ በ450 ብር የገዛኋት ፖቶስ ከአሥር ወር በኋላ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሽሮ ሜዳ፣ 12 ካሬ በሆነች ሱቅ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። አትክልት አላውቅም። ከዚህ በፊት በእጄ የሞቱትን ልቁጠርላችሁ፦ አንድ ጽጌረዳ፣ ሁለት ቁልቋል፣ አንድ ደግሞ ስሙን ሳላውቀው የቀበርኩት። ቁልቋል የገደለ ሰው እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ባለፈው ኅዳር የሱቋ ጥግ አስጠላኝ። ሙሽሮች ቀሚስ ሲለኩ መስታወቱ ፊት ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ከኋላቸው የሚታየው የጨርቅ ጥቅልና የእኔ የምሳ ዕቃ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «እትዬ፣ እዚህች ጋ አንድ አበባ ነገር ብናደርግስ?» አለችኝ። ወንዝ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ወደ አንዱ ወረድኩ።

ሻጩ ወጣት ልጅ ነው። የእጄን ታሪክ ነገርኩት። ሳቀና «ማዘር፣ እንግዲያው ይቺን ይውሰዱ። እሷ አትሞትም» አለኝ።

ያነሳልኝ ፖቶስ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሁሉም መኒ ፕላንት ነው የሚለው። ይቺኛዋ ግን በየቢሮው የምናያት ቢጫ ጣል ጣል ያለባት ዓይነት አልነበረችም። ቅጠሏ ነጭ በአረንጓዴ ነው፤ ሰው ነጭ ቀለም የነካ ብሩሽ ያራገፈባት ትመስላለች። ስሟ ማርብል ኩዊን ነው አለኝ። በእኛ ቋንቋ የእብነ በረድ ንግሥት መሆኗ ነው። ዓይኔ ወዲያው ወደዳት። ሁለት ቅጠሏ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በእጅ እንደተጠለፈ ጥለት።

ለተክሏ 450 ብር፣ ለማስቀመጫ የሚሆን ነጭ ሴራሚክ ደግሞ 700 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ የለም። ከዕቃው ጋር አራት ነገር በቃሉ ሰጠኝ። አትሞትም። አየር ታጣራለች። ገንዘብ ታመጣለች። በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ይስጧት፣ ጨለማም ይመቻታል።

የገንዘቡን ቶሎ ልጨርስ። አምጥታለች፤ ለእሱ።

የአየሩን ነገር ወንድ ልጄ ከኢንተርኔት ፈልጎ አነበበልኝ። ወሬው የመጣው ናሳ በ1989 (በፈረንጆቹ) ካወጣው ጥናት ነው። እውነት ነው፣ ፖቶስም ከተፈተኑት ተክሎች አንዷ ነበረች። ፈተናው የተደረገው ግን ጥርቅም ባለ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። በ2019 ሁለት ተመራማሪዎች የቀድሞዎቹን ጥናቶች ሰብስበው ሲያሰሉት፣ በር እየተከፈተ ነፋስ የሚገባበት ቤት ውስጥ ለውጥ ለማየት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል የሚል ውጤት አገኙ። የእኔ ሱቅ 12 ካሬ ናት። በትንሹ 120 ማለት ነው። የስፌት መኪናዬን የት ላስቀምጣት? በሩን መክፈት ይሻለኛል።

የውኃው ምክር ነው ሊገድላት የነበረው።

ሻጩ ልጅ እንዳለኝ በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ አጠጣሁ። የገዛሁት ሴራሚክ ከታች ቀዳዳ የለውም። አላየሁም፤ ማየት እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። ውኃው ታች ይጠራቀማል፣ እኔ ከላይ እጨምራለሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሁሉም ጠወለጉ። እኔ ደግሞ የጠማት መሰለኝና በሁለት ብርጭቆ አደረግኩት። አፈሩ እንደ ረጋ ኩሬ መሽተት ሲጀምር ነው የነቃሁት።

ሥር አየር ይፈልጋል ለካ። ውኃ ውስጥ ከርሞ ከበሰበሰ መጠጣት አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውኃ ላይ ተቀምጦ በጥም ይጠወልጋል። ለጀማሪ ይቺ ናት ወጥመዷ። የጠማትም የሰመጠችም ስትጠወልግ አንድ ዓይነት ነው የምትመስለው። መለያው አፈሩ ነው። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ስደጂ። ደረቅ ከሆነ ጠምቷታል፤ ውኃ ስትሰጫት እስከ ማግስቱ ቀና ትላለች። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገች ግን ብርጭቆውን አስቀምጪና ሥሯን እዪ።

ጥር ላይ ታቅፌያት ወደ ልጁ ተመለስኩ።

«ማዘር፣ ውኃ አብዝተው ነው» አለኝ ገና ከሩቅ።

«አንተ አይደለህ እንዴ በየሁለት ቀኑ ያልከኝ?»

«እሱ… ለበጋ ነው።»

«ልጄ፣ ጥር እኮ ነው!»

ዝም አለ። ከዚያ ራሱም ሳቀ። የእሱን ክፋት ለመናገር አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ያደረገው ብዙ ሻጭ የማያደርገው ነው። ዕቃውን ገለበጠና ሥሯን አወጣት። አምስት ሐረግ ነበሯት። ሁለቱ ሲነኩ ዝም ብለው ተነቀሉ። ከታች ሥር የሚባል ነገር የላቸውም። ዕቃው የሞላ እንዲመስል አዲስ የተቆረጡ ቅርንጫፎች አፈር ውስጥ ሰክተው ነው የሸጡልኝ። በስፒል ተይዞ ያልተሰፋ እጅጌ በሉት፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀሚስ ነው፣ ሲለብሱት ይወልቃል። አሁን የማንንም ተክል ከመግዛቴ በፊት ግንዱን በሁለት ጣት ይዤ በቀስታ ሳብ አደርገዋለሁ። ከሳበኝ እገዛለሁ፤ ከመጣልኝ እመልሳለሁ።

በቀሩት ሦስቱ ላይ ነጭና ጠንካራ የሆነው ሥር ደኅና ነው አለኝ። ቡናማ ሆኖ የሚያሙለጨልጨውን በክር መቀሴ ቆረጥነው። አፈሩን ሙሉ በሙሉ ጣልነው። የወንዝ ዳር ጥቁር አፈር ነበር፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ። በምትኩ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ ቀላቀለበት። ሬድ አሽ ያው ግንበኞች የሚሞሉበት ቀዩ ቀላል ድንጋይ ነው፤ ልጁ በደቃቁ ወንፍቶ ያስቀምጣል። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውኃው ወርዶ ይሄዳል፣ አየር ይቀራል። ግንባታ በማይጠፋበት ከተማችን ለአበባ የሚሆን እንዲህ ያለ ነገር በነፃ ወድቆ እንደሚገኝ አላውቅም ነበር።

ሴራሚኩን መብሳት አልተቻለም። መላው ቀላል ሆነ። ተክሏን ቀዳዳ ባለው ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ ፕላስቲኩን ሴራሚኩ ውስጥ አስቀመጠው። ለማጠጣት ፕላስቲኩን አወጣለሁ፣ ባልዲ ላይ አጠጣለሁ፣ እስኪንጠባጠብ ትቼ እመልሳለሁ። ለዚህ ሁሉ ሥራ ምንም አላስከፈለኝም። ሻይ ግን ጋብዤዋለሁ።

አሁን በበጋ በስምንት ወይም በዘጠኝ ቀን አንዴ ነው የማጠጣት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሦስት ሳምንት የቆየችበት ጊዜ አለ። ቀን መቁጠሩን እርሱት፤ ማንሣት ነው። ውኃ የጠገበ ዕቃ ይከብዳል፣ የደረቀ ደግሞ ባዶ ቅል ይመስላል። በሁለት ወር ውስጥ እጃችሁ ይለምደዋል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ከያዝነው ነው የምሰጣት፤ የጠዋት የቧንቧ ውኃማ እኔንም እጄን ያደነዝዘኛል።

ወደ ብርሃኑ ልምጣ። ይሄን ነው በደንብ ልነግራችሁ የፈለግኩት።

መጀመሪያ ያስቀመጥኳት መስታወቱ አጠገብ፣ ከመስኮቱ አራት ሜትር ርቆ ነበር። «ጨለማ ይመቻታል» ተብያለሁ። አልሞተችም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን አዲስ የሚወጣው ቅጠል አነስ፣ አረንጓዴውም በዛ እያለ መጣ። እኔ ደግሞ ሜትር ከአንገቴ አይጠፋም። ለካኋት። ስትገዛ በሁለት ቅጠል መካከል ያለው ርቀት 4 ሳንቲ ሜትር ነበር። ጥጉ ውስጥ የወጡት 9 ሆነዋል። ወደ መስኮቱ እየተንጠራራች ነው።

ምክንያቱን ሳውቅ ገረመኝ። ቅጠሉ ላይ ያለው ነጩ ክፍል ያልተነከረ ጨርቅ ማለት ነው። ክሎሮፊል የሚባለው፣ ብርሃን ይዞ ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴ ነገር የለበትም። ስለዚህ ነጩ ቦታ የሚኖረው አረንጓዴው ሠርቶ በሚያበላው ነው። ብርሃን ሲያንስ ቤቱ ተቀማጭ መቀለብ ያቅተዋል። አረንጓዴ የበዛባቸው ቅጠሎች እየበረቱ፣ ነጩ እየጠፋ ይሄዳል። ለዚህ ነው ነጭ ያለበት ፖቶስ ከአረንጓዴው ይልቅ ቀስ ብሎ የሚያድገው፣ ብርሃንም የሚበልጥ የሚፈልገው። ጀማሪ ሆኖ ይሄን ዓይነት መያዝ ከባድ ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ተቃራኒው ነው። ቅጠሏ ብርሃን መለኪያ ሆነልኛለች። ነጩ ሲቀንስ ጨልሞባታል፤ ሌላ ምን ምልክት እፈልጋለሁ?

እኔ ግን ወዲያው ወደ ሌላኛው ጫፍ ዘለልኩ። መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት። የየካቲት የቀትር ፀሐይ በሦስት ቀን ነጩን ቦታ አቃጠለው። ብጣሽ ወረቀት ላይ ካውያ ረስተሽ ብታነሺው እንደሚሆነው፣ ቡናማና ደረቅ። የተቃጠለው አይመለስም። ሦስት ቅጠል በመቀስ ሄደ።

መፍትሔው ከቤቴ ወጣ። ጥለቱ የተቀደደ አሮጌ ነጠላ ነበረኝ። መስኮቱ ላይ አንጠለጠልኩት። ነጠላ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ስለሆነ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ቃጠሎውን ያስቀራል። ከዚያ በኋላ የወጡት ቅጠሎች ግማሽ በግማሽ ነጭ ናቸው፤ ርቀታቸውም ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የነበረውን አንዱን ሐረግ ደግሞ፣ ነጭ ካለበት የመጨረሻ ቅጠል በላይ ቆረጥኩት። ካልተቆረጠ ከዚያ የሚቀጥለው ሁሉ አረንጓዴ ነው ይላሉ፤ እኔም እንዲያ ሆኖ አይቻለሁ።

ሌላው የመስኮት ነገር ብርዱ ነው። ሽሮ ሜዳ እንጦጦ ሥር ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይጣል ነው። ይሄ ተክል ዘሩ ሞሬአ ከምትባል የፓሲፊክ ደሴት ነው፣ የሞቃት አገር ልጅ። ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳዋል። ሌሊት የመስኮቱን መስታወት ነክቶ ያደረ ቅጠል ጠቁሮ አግኝቼዋለሁ። አሁን ከመስኮቱ አንድ ስንዝር አርቄያታለሁ።

ስለ ተባዩ ስነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሱቄ ውስጥ የጥጥ ብናኝ የማያርፍበት ነገር የለም። ቅጠሏንም በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ግንቦት ላይ ቅጠሉና ግንዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነጭ ጥጥ አየሁ። ጠረግኩት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ለሁለት ሳምንት ጥጥ ነው እያልኩ ስጠርግ ከረምኩ። አንድ ቀን ጥጡ ተንቀሳቀሰ! ጥጥ የሚመስል ልብስ የሚለብስ፣ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ ነው። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ አልኮል እያስነካሁ አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ በየአምስት ቀኑ ደግሜ አራት ዙር አደረግኩ። ጠፋ። በጥጥ መካከል ለሚኖር ሰው የሚሆን ምክር ይኼው፦ ጥጥ ከሆነ እፍ ሲሉት ይበራል።

ደንበኞቼም ፈተና ናቸው። ቡና ጠጥተው አተላውን «ለአበባ ጥሩ ነው» እያሉ ይደፉባታል። በደንብ ሳይበሰብስ እላዩ ላይ የተደፋ አተላ ይሻግታል፣ ትናንሽ ዝንብ ያፈላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝንብ ከክሬም ሸማ ላይ ሳባርር ነው የከረምኩት። አሁን ቃሌን አላባክንም፤ ባዶ ጣሳ አጠገቧ አስቀምጫለሁ፣ እዚያ ይደፉ። ስለ ማዳበሪያ ብዙ የምለው የለኝም። ከክረምት በስተቀር በየሁለት ወሩ አንድ እፍኝ ብስባሽ እጨምራለሁ። ወንድሜ ከገጠር መጥቶ «ትንሽ ዩሪያ ጣል አድርጊባት» ሲለኝ እጁን ያዝኩት። ለጥማድ መሬት የሚበተን ነገር ለአንድ ሊትር አፈር ምን ያህል እንደሚሆን ማን ይመትርልኛል?

ሻጩ ሳይነግረኝ የቀረው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ድመት አለችን፤ ጨርቅ ቤት ያለ ድመት አይሆንም፣ አይጥ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ከቅጠሏ ቆረጥ አድርጋ አኘከች። ግማሽ ቀን ለሃጯን ስታዝረበርብ ዋለች። ቅጠሉ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ እንደ መርፌ የሾለ ዓይን የማያየው ክሪስታል አለ። አፍና ጉሮሮ ይወጋል። ድመት፣ ውሻ፣ ያገኘውን አፉ የሚከት ሕፃን ያለበት ቤት ይሄን ማወቅ አለበት። ድመታችን ደኅና ናት፤ ዳግመኛም አልቀረበቻትም። እኔ ግን ልጅ ይዘው ለሚመጡ ደንበኞች ስል ከፍ አድርጌ መደርደሪያ ላይ ሰቅያታለሁ። ሐረጉ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ እንዲያውም አማረባት።

ማባዛቷ ደስ ይላል። ሐረጉ ላይ ቅጠል የሚወጣበት አንጓ አለ፤ ቡናማ ጉብ ያለች ነገር ታዩበታላችሁ። ከእሷ ዝቅ ብላችሁ ቆርጣችሁ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ መክተት ነው። አንጓ የሌለው ባዶ ቅጠል ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ተክል ግን አይሆንም። ግንቦት ላይ የቆረጥኩት በሦስት ሳምንት ሥር አወጣ። ሐምሌ ላይ የቆረጥኩት ስድስት ሳምንት አስጠበቀኝ። ሙሉ ለሙሉ ነጭ የሆነውን ጫፍ በማማሩ ተታልዬ ቆርጬ ነበር፤ ሥር ሳያወጣ ሞተ። ራሱን የሚያበላበት አረንጓዴ የለውማ።

አንድ ነገር ደግሞ። ሁላችንም አበባ ነው የምንላት። ፖቶስ ግን ቤት ውስጥ አያብብም ማለት ይቻላል። ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ራሱ በበቂ አያመርትም። ረዳቴ እስካሁን «መቼ ነው የምታብበው?» ትለኛለች።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፦ ለተክሏ 5 ከ5። የማያውቅ እጅ ሰምጣም፣ ተቃጥላም፣ ተበልታም ተርፋለች። ለአፈሩ 1። ቀዳዳ ለሌለው የ700 ብር ሴራሚክ 2፣ እሱም በማማሩ ነው። ለልጁ ስሸምት 2 ነበር የምሰጠው፤ ስመለስ ባደረገልኝ 4 አደረግኩለት። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ለአንዲት ሴትዮ «በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ» ሲላት ሰማሁት። ቆሜ አየሁት። «ማለቴ… አፈሩ ሲደርቅ» አለ።

ትናንት ለካኋት። ስገዛት ረጅሙ ሐረግ 22 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ አሁን 87 ደርሷል። ለመስከረም መጨረሻ ሠርግ ያላት አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ከቀሚሱ በፊት ስለ እሷ ጠየቀችኝ። ሥር ያወጣ አንድ ቁራጭ በጠርሙሱ ሰጠኋት። የጠርሙሱን መያዣ ግን ተቀብያለሁ።